ጎዳና ላይ የሚኖር ልጅ ውሻው ታማበታለች፣ እንዴት ላሳክምለት?

የማለዳ ታክሲ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ስለ ውሻ ሕክምና የምታውቁ ካላችሁ በናታችሁ አንብባችሁ መልሱልኝ። ጠዋት ጠዋት ሜክሲኮ ከታክሲ ወርጄ በባቡሩ ድልድይ ስር ነው የማልፈው፣ እዛ ላስቲክ ወጥሮ የሚያድር ልጅ አለ፣ 14 ወይ 15 ዓመት ቢሆነው ነው፣ ሚሚ የምትባል ቡኒ ውሻ አለችው። ከሆቴል ቡሌ ሲያመጣ ፌስታሉን ፈትቶ መጀመሪያ የሚያወጣው ለሷ ነው። አሁን ሁለት ወር ሊሞላት ነው ከኋላዋ ደም ይንጠባጠባል፣ ወንድ የምትፈልግበት ጊዜ መስሎኝ ነበር ግን አልቆመም፣ ባለፈው ሳምንት ቀረብ ብዬ ሳይ አበባ ጎመን የመሰለ ቀይ ሥጋ ወጥቶ ዝንብ ወሮታል። ልጁ በሃይላንድ ውሃ ቀድቶ በጨርቅ ያብስላታል፣ ሳያት ጊዜ "አሟት ነው እንጂ ቆሻሻ አይደለችም" አለኝ።

ቅዳሜ ራይድ ጠራሁ፣ ሁለት ሾፌሮች ውሻ አንጭንም ብለው ሄዱ፣ ሦስተኛው ካርቶን ካነጠፋችሁ ብሎ ወሰደን። አንድ ክሊኒክ በር ላይ ስንደርስ (ስሙን አልጠራም) ጥበቃው እኔን ግቢ አለኝና ልጁን አንተ ውጭ ቁም አለው። ሚሚ ደግሞ ያለ እሱ አትያዝም፣ ልንካት ስል ጥርሷን አወጣችብኝ፣ ስለዚህ ሳትታይ ተመለስን፣ ልጁ እስክንደርስ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ጓደኞቼ ውሻዋን ወስደሽ ግቢ ላለው ሰው ስጪያት ይሉኛል። ትክክል ነው? ካልሆነ ደግሞ ምን ላድርግ?

የአሜሪካን ግቢ ልጅ፦
እህቴ እግዜር ይስጥሽ ግን ውሻዋን እንዳትወስጂበት። እኔ ልጅ ሆኜ አራት ዓመት ውጭ አድሬያለሁ። ሌሊት ተኝተህ ጫማህን ከእግርህ የሚያወልቅ አለ፣ ከዛ የባሰም አለ፣ ውሻ አጠገብህ ካለች ግን ሰው ገና ከሩቅ ሲመጣ ትነግርሃለች፣ ክረምት ደግሞ ጀርባህ ላይ ስትለጠፍ ሌሊቱ ያልፋል። የኛን ውሻ አንድ ሰውዬ ለጥበቃ ብሎ ወሰዳት፣ ከኛ ትልቁ ልጅ ሦስት ቀን ሙሉ ምግብ ሳይቀምስ ሰፈር ለሰፈር ሲጠራት ነበር፣ እስካሁን ድምፁ ይሰማኛል። ልጁ ባለቤቷ ነው፣ ካርዱ ላይም የሱ ስም ይጻፍ። አስቀድመሽ ደውለሽ "ባለቤቱ ጎዳና ላይ የሚኖር ልጅ ነው፣ አብሮኝ ይገባል" በያቸው፣ ካቅማሙ ሌላ ክሊኒክ ፈልጊ፣ በር ላይ ሁለተኛ እንዳይመለስ።

ቬት ከቢሾፍቱ፦
ሳላያት እርግጠኛ መሆን አልችልም፣ ከዕጢው ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት፣ የገለጽሽው ግን ቲቪቲ የሚባለውን ይመስላል። ውሾች ሲገናኙ የሚተላለፍ ካንሰር ነው፣ የካንሰሩ ሴል ራሱ ነው ከአንዷ ወደ ሌላው የሚሄደው፣ ልቅ ውሻ በሚበዛበት ከተማ ብዙ ይታያል። ወደ ሰው አይተላለፍም፣ ይሄን ለልጁ ንገሪው። ደስ የሚለው ብዙ ጊዜ ይድናል፣ ቪንክሪስቲን የሚባል መድኃኒት በሳምንት አንድ ጊዜ በደም ሥር ይሰጣል፣ አብዛኞቹ ከ4 እስከ 6 ዙር ይበቃቸዋል። ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ ሥጋ ስለሚያቃጥል ከሐኪም በቀር ማንም እንዳይሞክረው፣ ነጭ የደም ሴልም ስለሚቀንስ በየመሀሉ የደም ምርመራ አለ።

አንድ ነገር ግን በጣም አደራ። መድኃኒቱ ከመርፌው በኋላ ለተወሰኑ ቀናት በሽንቷና በሰገራዋ ይወጣል፣ ልጁ ደግሞ እንዳልሽው ከሆነ አብሯት ነው የሚያድረው። ግቢ ላለው ሰው ስንነግረው ቀላል ነው፣ ላስቲክ ውስጥ ግን ማን ያስብለታል? ለሷ የብቻዋ ማዳበሪያ ይነጠፍላት፣ እነዛን ቀናት አጠገቡ ትተኛ እንጂ ብርድ ልብሱ ውስጥ አትግባ፣ ጓንትና ሳሙና ግዢለት፣ ሲያጸዳ እንዲጠቀም። ዙሩ ተጀምሮ መሀል ላይ እንዳይቋረጥ ደግሞ ከመጀመራችሁ በፊት የሁሉንም ዙር ገንዘብ ያዙ፣ ብዙ ጊዜ ዕጢው ትንሽ ሲቀንስ ዳነች ተብሎ ይተዋል ተመልሶ ይመጣል። ስትድን ትምከን።

ለጋሪ አህያና ፈረስ እኮ ሐኪሙ ራሱ ገበያ ድረስ ይሄዳል፣ ዶንኪ ሳንክችዋሪና ስፓና የሚባሉ የእንስሳት እርዳታ ድርጅቶች እዚህ ሀገር እንደዛ ሠርተዋል። ለምርመራውና ለደም ናሙናው ድልድዩ ስር ድረስ መምጣት ይቻላል፣ የውስጥ መስመር ጻፊልኝ።

ድንገተኛ ክፍል፦
ነርስ ነኝ፣ "ጥርሷን አወጣች" ያልሽው አስደንግጦኝ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት እንደሌላት ቁጠሪ። ከነከሰችሽ ወይ ምራቋ ቁስል ላይ ካረፈ ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ታጠቢ፣ ከዛ በቀጥታ ጤና ተቋም፣ የባህል መድኃኒት እያሉ ቀን ማባከን የለም፣ ምልክቱ አንዴ ከታየ ማዳን አይቻልም ማለት ነው። ልጁንም በቅርብ ነክሳው ወይ ቧጭራው እንደሆነ ጠይቂው፣ እንደዚህ ያሉ ልጆች ሰው ካልጠየቃቸው አይናገሩም። ሚሚ ክትባቱን መቼ ትወጋ የሚለውን ዶክተሩ ከካንሰሩ ሕክምና ጋር አይቶ ይወስን።

ሎስ አንጀለስ 3፦
እዚህ ካሊፎርኒያ ዶክተር ክዋኔ ስቱዋርት የሚባል የእንስሳት ሐኪም አለ፣ እኤአ በ2011 ሞዴስቶ ከተማ ሱቅ ደጃፍ ላይ አንድ ቤት የሌለው ሰው ቁንጫ የፈጃት ውሻ ይዞ አይቶ ነው የጀመረው፣ ከዛ በኋላ ቦርሳውን ይዞ ጎዳና ለጎዳና መዞር ያዘ፣ በ2023 የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብሏል። ኮሎራዶም በ2015 የተጀመረ ስትሪት ዶግ ኮሊሽን የሚባል አለ፣ ሐኪሞቹ እግረኛ መንገድ ላይ ነው የሚያክሙት። እኔ አልፎ አልፎ እንደዚህ ባለ ሥራ ላይ ውሻ እይዛለሁ ካርድ እሞላለሁ፣ መጀመሪያ ቀን የገረመኝ ሐኪሟ አስፋልቱ ላይ ተንበርክካ ውሻውን ሳትነካ ባለቤቱን "ላየው ትፈቅድልኛለህ?" ብላ መጠየቋ ነው። ሰውየው ቀና አለ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዙሮች እኔ እችላለሁ፣ ገንዘቡን በቀጥታ ለሐኪሙ ነው የምልከው፣ ልጁ እጅ ላይ ገንዘብ ይዞ ሌሊት እንዳይመታበት።

የማለዳ ታክሲ፦
እያለቀስኩ ነው ያነበብኩት፣ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ዛሬ ከሥራ ስወጣ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኩት፣ ማዳበሪያውን፣ ጓንቱን፣ በየሳምንቱ መሆኑን። ነክሳው እንደሆነም ጠየኩት፣ እሱን ነክሳው አታውቅም። ብዙ ዝም ብሎ ቆየና "እኔም እገባለሁ?" አለኝ። ትገባለህ፣ ካርዱም በስምህ ነው አልኩት። ቬት ከቢሾፍቱ፣ ጽፌልሃለሁ ዶክተር፣ ሐሙስ 11 ሰዓት ላይ ድልድዩ ስር እንጠብቅሃለን፣ ሚሚን የሚይዛት እሱ ነው።