«ኪራይ ሰብሳቢ» ማለት ማን ነው? ተማሪዬ የጠየቀችኝና በቅጡ ያልመለስኩት ጥያቄ

የሥነ ዜጋ መምህር፦

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥነ ዜጋ አስተምራለሁ፤ ከክፍለ ጊዜ ውጭ ደግሞ የተማሪዎችን የክርክር ክበብ አስተባብራለሁ። ባለፈው ወር ተማሪዎቹ ስለ ሙስና መንስኤ ሲከራከሩ አንደኛው ቡድን የሌላውን ሐሳብ «የኪራይ ሰብሳቢ አመለካከት ነው» ብሎ ዘጋው። ከዚያ በኋላ የሙስና ነገር ተረሳና ክርክሩ ሁሉ ማን ኪራይ ሰብሳቢ ነው፣ ማን አይደለም ወደሚለው ዞረ። ሲበተኑ አንዲት ተማሪ ወደ እኔ ቀርባ፣ እናቷ በግቢያቸው ያሉትን ሁለት ክፍሎች አከራይተው እንደሚያስተምሯት ነገረችኝና «እኛን ማለታቸው ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። አይደለም አልኳት፤ ለምን እንዳልሆነ ግን ላስረዳት አልቻልኩም።

ሁለት ነገር ልጠይቃችሁ። ቃሉ በትክክል ምን ማለት ነው? እንደ አድሃሪ፣ ባንዳ፣ ጠባብ፣ ትምክህተኛ ያሉትን የፍረጃ ቃላትስ ተማሪዎች በክርክር ውስጥ እንዳይጠቀሙ ልከልክል፣ ወይስ ትርጉማቸውን አስተምሬ ልፍቀድ?

ቀመር፦

ምጣኔ ሀብት ያጠናሁ ስለሆንኩ የመጀመሪያውን ጥያቄ ልሞክር። ሐሳቡን ጎርደን ቱሎክ የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1967 ጽፎበታል፤ ዛሬ የሚታወቅበትን ስም ያወጣችለት ደግሞ አን ክሩገር ናት፣ እ.ኤ.አ. በ1974። ክሩገር የመረመረችው የአስመጪነት ፈቃድን ነበር። መንግሥት ፈቃዱን ለጥቂቶች ብቻ ሲሰጥ፣ ፈቃዱ በራሱ ምንም ሳያመርት ገንዘብ ያስገኛል፤ ስለዚህ ነጋዴው ዕውቀቱን፣ ጊዜውንና ገንዘቡን በፋብሪካ ላይ ከማዋል ይልቅ ፈቃዱን ለማግኘት በየቢሮው ደጅ በመጥናት ያጠፋዋል። በእርሷ ስሌት በህንድ እ.ኤ.አ. በ1964 እንዲህ ያለው ጥቅም ከብሔራዊ ገቢው 7.3 በመቶ ያህል ነበር።

እንግዲህ የተማሪዎ እናት ክፍል ያቀርባሉ፣ ተከራይ ይኖርበታል፣ ዋጋውን ይከፍላል። አንድ ሰው የሚፈልገውን ነገር አቅርበው ዋጋውን ስለሚቀበሉ በዚህ ትርጉም ከጉዳዩ ጋር ፈጽሞ አይገናኙም።

ጥፋቱ በከፊል የትርጉም ሥራው ይመስለኛል። የእንግሊዝኛው ቃል «ሬንት» በመዝገበ ቃላት ኪራይ ነው፤ በምጣኔ ሀብት ግን ከጥንቱ የምጣኔ ሀብት ምሁር ከሪካርዶ ዘመን ጀምሮ ሌላ ፍቺ አለው። የከተማ ሰው «ኪራይ» ሲባል ወደ አእምሮው የሚመጣው የቤት ኪራይ ነው፤ ያውም ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 በብዙ ቤተሰብ ውስጥ ያስቀረው ትዝታ አብሮት ይመጣል። ሁለተኛው ስሕተት «ሰብሳቢ» የሚለው ነው። የእነ ቱሎክ ቁም ነገር ሀብት የሚባክነው ጥቅሙን በመሰብሰብ ላይ ሳይሆን በማሳደድ ላይ ነው የሚል ነበር፤ ፈቃዱን ሳያገኝ የቀረውም ሰው ያባከነው ይቆጠራል። «ሰብሳቢ» ስንል ይህ ሁሉ ይጠፋና አንድ የጠገበ ሰው ብቻ ይታየናል።

የስድሳ ስድስቱ ተማሪ፦

መምህር፣ እኔ አብዮቱ ሲፈነዳ ዩኒቨርሲቲ ነበርኩ። የቀመርን ማብራሪያ በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ ነገር ግን እኛም ትርጉም አጥተን አልነበረም። ቃላቱን ከመጽሐፍ አጥንተን፣ ተከራክረንባቸው ነበር።

አያቴ «ባላባት» ሲባሉ ክብር ነበር፤ ባለ አባት፣ ወገኑና ርስቱ የታወቀ ሰው ማለት ነው። በ1957 «መሬት ላራሹ» ብለው የተሰለፉት ተማሪዎችም ይቃወሙ የነበረው የመሬት ሥሪቱን ነበር፣ ያም ትክክለኛ ጥያቄ ነበር ብዬ ዛሬም አምናለሁ። የገጠር መሬት አዋጅ በ1967 ሲወጣ ግን ያው «ባላባት» የሚለው ቃል ክስ ሆኖ ጠበቀን። በሚያዝያ 1968 የታወጀው የብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም ጠላት ብሎ የዘረዘራቸው ፊውዳሊዝምን፣ ኢምፔሪያሊዝምንና ቢሮክራሲያዊ ካፒታሊዝምን ነው። ሦስቱም ሥርዓቶች ናቸው። ሥርዓትን ግን ሌሊት ከቤቱ አውጥቶ መውሰድ አይቻልም፤ የሚወሰደው ሰው ነው፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሥርዓት ሰው ተፈለገለት።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የእኛ የእርስ በርሱ ነው። በዘመኑ የነበሩት ሁለቱ የግራ ድርጅቶች፣ ኢሕአፓም መኢሶንም፣ ማርክሲስት ሌኒኒስት ነን ይሉ ነበር። ኢሕአፓ መኢሶንን «ባንዳ» አለው። ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ በጣሊያን ሥር ይዘምት የነበረ የአገር ተወላጅ ጦር መጠሪያ ነበር፣ ከ1928 እስከ 1933 በነበረው ወረራ ለጠላት ያደረ ሁሉ ስም ሆነ። አባቶቹ አርበኛ የነበሩ ወጣት ጣሊያን ከወጣ ከ35 ዓመት በኋላ ባንዳ ተባለ። በሌላ ወገን ደርግና መኢሶን ኢሕአፓን «አናርኪስት» አሉት፤ ቀበሌ ውስጥ ይህን ቃል የሚጮኹት ብዙዎቹ ፍቺውን አያውቁትም ነበር፣ ማወቅም አላስፈለጋቸውም። በነሐሴ 1969 መኢሶን ከደርግ ሲለይ እርሱም በተራው «ቀኝ መንገደኛ» ተባለ። ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት እንደሚባለው ነው፤ ቤት ውስጥ ተለማምደን ያወጣነውን ስም ነው መንግሥት ተከትሎ የጠራን።

ስለዚህ ልጆቹን ትርጉም ብቻ አያስተምሯቸው እላለሁ።

ወለላ፦

በቀመር አንድ ነጥብ ላይ አልስማማም። የምጣኔ ሀብቱ ፍቺም ቢሆን ከክርክር ነፃ አይደለም። ደቡብ ኮሪያ በፕሬዚዳንት ፓርክ ዘመን ርካሽ ብድር ለተመረጡ ኩባንያዎች ትሰጥ ነበር፤ ይህም ከገበያው በላይ የተሰጠ ጥቅም ነው፣ ግን ወደ ውጭ በሚልኩት ምርት ስለተለካ አገሪቱን ጠቅሟል የሚሉ ብዙዎች ናቸው። የእኛም «ልማታዊ መንግሥት» ክርክር ከዚያ ነው የተቀዳው። ስለዚህ የትኛው ጥቅም ተገቢ፣ የትኛው ብክነት እንደሆነ የሚለየው ራሱ የፖለቲካ ፍርድ ነው።

ሌላው ደግሞ የሙገሳ ስያሜዎችን እንዳትረሱ። «ኪራይ ሰብሳቢ» ብቻውን አልመጣም፤ «ልማታዊ» ከሚለው ጋር ተጣምሮ ነው የኖረው። ልማታዊ ባለሀብት፣ ልማታዊ ጋዜጠኛ፣ ልማታዊ አርቲስት ይባል ነበር። ልማታዊ ያልተባለ ጋዜጠኛ ማንም ሳይሰድበው ምን እንደተባለ ያውቃል። እኔ ብከለክል ኖሮ ከስድቡ በፊት ይህንን ሙገሳ እከለክል ነበር፤ ምክንያቱም የተሰደበ ሰው ቢያንስ አይደለሁም ብሎ መከራከር ይችላል።

የሥነ ዜጋ መምህር፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የጻፉትን ስምዎን ሳልጠቅስ ለክበቡ አንብቤላቸዋለሁ፤ ለረጅም ጊዜ ማንም አልተናገረም።

ምንም ቃል አልከለከልኩም። ያወጣነው ደንብ አንድ ነው፦ በክርክር መካከል እንዲህ ያለ ስያሜ የተጠቀመ ተማሪ፣ ተቃራኒው ወገን ከጠየቀው፣ ስያሜውን ትቶ ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳደረገ በአንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር አለበት። «ልማታዊ» ያለም እንዲሁ። ባለፈው ሳምንት «ኪራይ ሰብሳቢ» ያለው ልጅ ተጠየቀና ቆም ብሎ አስቦ፣ «በጨረታ ሳይወዳደር መሬት የወሰደ ሰው» አለ። ወዲያው ክርክሩ ወደ ሙስና ተመለሰ።

ደንቡ የማይሠራበት ቦታም አለ። አንድ ተማሪ «ነፍጠኛ» አለና ተጠየቀ። ቃሉ ከነፍጥ የመጣ መሆኑንና በምኒልክ ዘመን ወደ ደቡብ የሄዱ ባለ ጠመንጃ ወታደሮች ስም እንደነበረ ያውቃል፤ ዛሬ አጠገቡ የተቀመጠው ልጅ ምን እንዳደረገ ተናገር ሲባል ግን ዓረፍተ ነገሩን መጨረስ አቃተው። ሌላ ቃልም አልፈለገም፣ ተቀመጠ።

ቀመር፣ ማብራሪያዎን ለተማሪዬ ሰጥቻታለሁ። የሚቀጥለው ርዕሳችን የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ነው፤ በአከራዮች በኩል ልቁም ብላ ተመዝግባለች።