«ድል ሆነ» አሸነፈ ነው ወይስ ተሸነፈ?

የደብረ ብርሃኑ፦ ለሚያዝያ 27 በተዘጋጀ ጽሑፍ ላይ «ጣልያን ድል ሆነ» የሚል ዐረፍተ ነገር አለ። አራሚው «ይኼማ አሸነፈ ማለት ነው» ብሎ ሰረዘው። ማን ልክ ነው? ርእሱስ «በዓል» ይሁን «መታሰቢያ»?

የመንዟ፦ ጸሐፊው ልክ ነው። በቀድሞው አማርኛ «ድል ሆነ» ማለት ተሸነፈ ነው። አሸናፊው ድል አደረገ፣ ድል መታ፣ ድል ነሣ ይባላል፤ ተሸናፊው ድል ሆነ፣ ድል ተመታ፣ ድል ተነሣ። የዛሬ ሰው ግን «ድል ሆነ» ሲባል «ድሉ የእኛ ሆነ»ን ስለሚሰማ ይስታል። እንግዲህ ጽሑፉ በአደባባይ የሚነበብ ከሆነ «ድል ተመታ» ቢሉት ይሻላል። «ድል ተነሣ»ም አደጋ አለበት፤ በትየባ «ድል» ከወደቀች «ጦሩ ተነሣ» ይቀርና የተሸነፈው ሠራዊት ገና ለዘመቻ የሚንቀሳቀስ ይመስላል።

«ድል ያለ ሰርግ»ን ከዚህ ጋር አያምታቱት። እዚያ የደመቀ፣ የሰፋ ማለት ነው፤ ተሸናፊ የለበትም (ከድግሱ ወጪ በቀር)።

ቡልጌው፦ ስለ ርእሱ ልጨምር። በዓል ይከበራል፤ መታሰቢያ ይታሰባል። የካቲት 23 እና ሚያዝያ 27 ይከበራሉ፤ «እንኳን አደረሳችሁ» ይባልባቸዋል። የካቲት 12 ግን የተጨፈጨፉት የሚታሰቡበት ቀን ነው፤ «እንኳን አደረሳችሁ» ካሉበት ለቅሶ ቤት ገብቶ እልል እንደማለት ነው። የእኛው አካባቢም እንዲህ ያሉ ቀኖች አሉት። በግንቦት 1929 በደብረ ሊባኖስ መነኮሳቱ ተረሸኑ፤ ከቀናት በኋላ ዲያቆናቱ ደብረ ብርሃን አጠገብ እንገጫ ላይ ተገደሉ። በሚያዝያ 1931 ደግሞ መንዝ ውስጥ ዘረት ዋሻ የተጠለሉት በመርዝ ጋዝና በጥይት አለቁ። እነዚህን «በዓል» የሚል ብዕር ቢታረም ደግ ነው።

በዓሉና መታሰቢያው በአንድ መድረክ ከተገናኙ የሕሊና ጸሎቱ ይቅደም፤ ፉከራው ይከተል። ተገላቢጦሽ ከሆነ በፉከራ የሞቀውን ሕዝብ ወደ ጸጥታ መመለስ ጭንቅ ነው።

የመንዟ፦ «ዝክረ ሚያዝያ 27» የሚልም ባነር ይታያል። ደህና ነው፤ ግን «ዝክረ» የግእዝ አያያዝ ስለሆነ «የ» አይከተለውም፤ «ዝክረ የአድዋ» ስሕተት ነው። ብቻውን «ዝክር» ካሉት የሸዋ ሰው ጠላና ዳቦ ነው የሚጠብቅ፤ የጻድቅ ወይም የመልአክ ዝክር መስሎት። «ተዝካር» የሙት ነው፤ ለድል አይሆንም።

የደብረ ብርሃኑ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ቁጥሩስ? አንዱ 84ኛ፣ ሌላው 85ኛ ይላል፤ በዓሉ የ2017 ነው።

ቡልጌው፦ ድሉ የሆነው በ1933 ነው፤ 2017 ሲቀነስ 1933፣ 84። በቃ። 85 የሚመጣው የመነሻውን ዓመት አንድ ብሎ ከመቁጠር ነው። ለአድዋም 1888 ይቀነሳል፤ በ2017 ዓ.ም. 129ኛው ሆነ። በፈረንጅ አቆጣጠር መጻፍ ካለብዎት ደግሞ የካቲት 23 ዛሬ ማርች 2 ላይ ይውላል፤ ጦርነቱ የተደረገው ግን ማርች 1 ቀን 1896 ነው። ቀኑ አልተሳሳተም፤ ፈረንጆቹ 1900ን ሠግር ዓመት ስላላደረጉት በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት በአንድ ቀን ሰፋ። ሚያዝያ 27 ከዚያ በኋላ ስለሆነ ያኔም ዛሬም ሜይ 5 ነው።

በደርግ ዘመን የታተመ ጽሑፍ የድሉን ቀን መጋቢት 28 ቢል አይደንግጡ። ያ አዲስ አበባ ከጣልያን እጅ የወጣችበት፣ በዓሉም ወደዚያ ተዛውሮ የነበረበት ነው። ሚያዝያ 27 ንጉሠ ነገሥቱ የገቡበት ቀን ነው፤ ጣልያን አዲስ አበባ በገባ በአምስት ዓመቱ፣ በዚያው ቀን። ስለዚህ ጥቅስ ሲወስዱ ዓመተ ምሕረቱን አይተው ነው።

የመንዟ፦ መርሐ ግብሩ ላይ «ፉከራ፣ ቀረርቶ፣ ሽለላ» ተብሎ በአንድ መስመር ይደረደራል። ቀረርቶ ድምፅ እየተሳበ የሚወጣ ዜማ ነው። ፉከራ ግን «ዘራፍ!» ብሎ ተነሥቶ፣ እየተንጎራደዱ፣ ግጥሙን በንግግር ማውረድ ነው። አቅራቢው አንድ ሰው ከሆነ ሁለቱን ማፈራረቅ ይችላል፤ መርሐ ግብሩ ግን ለየብቻ ጊዜ ካልያዘላቸው አንዱ ሌላውን ይበላዋል። ስለ አንድ አርበኛ ሲጽፉ «አካኪ ዘራፍ አለ» አይበሉ፤ ዛሬ ባዶ ቀረርቶ ማለት ሆኗል፣ ስድብ ነው።

ቡልጌው፦ «ባዶ ቀረርቶ» ብለው ቀረርቶንም ሰደቡት እኮ!

የመንዟ፦ ልክ ነዎት፣ ቋንቋው ነው የሰደበው። «ባንዳ»ም እንዲሁ ነው። በጣልያንኛ የታጠቀ ጭፍራ ማለት ነው፤ ለጣልያን ያደሩ የአገር ሰዎች የተመደቡበት ክፍል ስም ነበር፤ በእኛ አፍ ከሃዲ ሆኖ ቀረ። በተቃራኒው ዘረት ላይ ያለውን ዋሻ ሰዉ «አመፀኛ ዋሻ» ይለዋል፤ እዚያ ስሙ ነውር የለበትም። ጽሑፉ ላይ ከገባ እንዳለ ይቀመጥ፤ አራሚው «የአርበኞች ዋሻ» ብሎ እንዳያቃናው አደራ።