የሮቶ ውሃ መቆጣጠሪያዬ ማታ ማታ እየጠፋ ይነሳል፤ ጥፋቱ የ7805 ነው?

ጥያቄ፦ ቆጪ (ጅማ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሮቶው ሲጎድል ፓምፕ አስነስቶ ሲሞላ የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ ሠርቻለሁ። ቀን ደህና ነው። ችግሬ ሦስት ነው። 7805ቱ (ቮልቱን ወደ 5 የሚያወርደው ሬጉሌተር) ጣት አያስነካም። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ሰፈሩ ምጣድ ሲጥድ ኢኤስፒ32ቱ (ፕሮግራሙ ያለበት ቦርድ) እየጠፋ ይነሳል። ባለፈው ደግሞ መብረቅ ከበዛበት ዝናብ በኋላ፣ ጠፍቶ የነበረው መብራት ሲመጣ ቦርዱ ሞቶ ተገኘ። አሁን ሌላ ቦርድ ገብቶበታል።

ሰርክቱ እንዲህ ነው፦ 220/12 ቮልት 1 አምፔር ትራንስፎርመር፣ በአራት 1ኤን4007 የተሠራ ብሪጅ፣ 1000 ማይክሮፋራድ 25 ቮልት ካፓሲተር፣ ሂትሲንክ የሌለው ኤልኤም7805፣ ከዚያ ኢኤስፒ32 እና ባለ 5 ቮልት የሪሌይ ሞጁል። ሪሌዩ የ220 ቮልት ኮንታክተር (ትልቅ ሪሌይ) ያስነሳል፣ ኮንታክተሩ የ1 ፈረስ ጉልበት ፓምፕ። ከሮቶው ፍሎት ስዊች (በውሃው ከፍታ የሚከፈትና የሚዘጋ) የሚመጣው ሽቦ 20 ሜትር ያህል ነው፤ ከፓምፑ ኬብል ጋር አብሮ ታስሮ በቀጥታ የኢኤስፒው ጂፒአይኦ 34 (መግቢያ ፒን) ላይ ይገባል፣ በ10 ኪሎኦም ወደ 3.3 ተስቧል።

የለካሁት፦ ቀን መብራቱ 231 ቮልት ሲሆን ካፓሲተሩ ላይ 18.6 ቮልት አለ። ማታ መብራቱ እስከ 165 ይወርዳል። ከ5 ቮልቱ የሚሳበው በአማካይ 0.15 አምፔር ነው። የ7805 መውጫ 5.02። የሞተው ቦርድ 3.3 ቮልት ፒኑ ከግራውንድ ጋር ሾርት ሆኗል። ስታቢላይዘር ልግዛ ወይስ ሰርክቱን ላስተካክል?

ቢሺሼ፦

ወንድሜ፣ ማታ መብራት ሲወርድ 7805ቱ ይራባል። ለ5 ቮልት መውጫ ቢያንስ 7 ቮልት መግቢያ ይፈልጋል። ካፓሲተሩን 2200 አድርገው። 5 ቮልቱ ላይም 5.1 ቮልት ዜነር (ከዚያ ቮልት በላይ ሲሆን የሚያስተላልፍ ዳዮድ) ጣልበት፣ ትርፉን ይውጥልሃል።

ጅሬን፦

ቢሺሼ፣ የ7 ቮልቱ ነገር ልክ ነው፤ እዚህ ግን እዚያ ድረስ አይወርድም። ራሱ በለካው ቁጥር እናስላው። ቀን 18.6 ካገኘ፣ የብሪጁ ሁለት ዳዮዶች የሚበሉት 1.4 ሲጨመር ከትራንስፎርመሩ የሚመጣው ጫፍ 20 ቮልት ነው። መብራቱ 165 ሲሆን 20ው ወደ 14.3 ይወርዳል፤ 1.4 ሲቀነስ 12.9። ሪፕሉ (ካፓሲተሩ ላይ ያለው የቮልት ውዝዋዜ) ደግሞ 0.15 አምፔር ለ100 ኸርዝና ለ0.001 ፋራድ ብዜት ሲካፈል 1.5 ቮልት ነው። ስለዚህ ዝቅተኛው ነጥብ 11.4 ቮልት አካባቢ ይሆናል። 7805ቱ ማታም ጠግቦ ነው የሚያድረው።

ሙቀቱም የማታው ጥፋተኛ አይደለም፤ እንዲያውም የሚብሰው ቀን ነው። ቀን የሚቃጠለው (18.6 − 5) × 0.15 = 2 ዋት ነው። ሂትሲንክ የሌለው 7805 በያንዳንዱ ዋት 65 ዲግሪ ያህል ይሞቃል፤ የክፍሉን 25 ስትጨምርበት 155 ዲግሪ ገባ ማለት ነው። ራሱን ለማዳን የሚዘጋው እዚያው አካባቢ ስለሆነ ቀን የሚሠራልህ በጠርዝ ላይ ቆሞ ነው። ማታ (12.9 − 5) × 0.15 = 1.2 ዋት ብቻ ነው፤ ይቀዘቅዛል። ሙቀቱን ማስተካከል አለብህ፣ ግን ማታ የሚያጠፋብህ እሱ አይደለም።

እኔ የምጠረጥረው ኮንታክተሩን ነው። በአይኢሲ 60947-4-1 ደረጃ መሠረት ኮንታክተር በእርግጠኝነት እንዲነሳ ከኮይሉ ቮልቴጅ ቢያንስ 85 በመቶ ያስፈልገዋል፤ ለ220 ኮይል 187 ቮልት። የሚለቀው ደግሞ ከ75 በመቶ ጀምሮ እስከ 20 በመቶ ባለው መካከል ነው። የ220 ሰባ አምስት በመቶ ስንት ነው? 165። ስለዚህ ማታ ጨብጦ አይጨብጥም፣ ለቅቆም አይለቅም። ጠጠጠጠ እያለ ይርገበገባል፣ ፓምፑም በተነሳ ቁጥር ቮልቱን የባሰ ይጎትተዋል። በየርግብግቢቱ ኮይሉ የሚረጨው ስፓይክ (ቅጽበታዊ የቮልቴጅ ዝላይ)ና የነጥቦቹ ብልጭታ ኢኤስፒውን ያስደነብረዋል።

ለማረጋገጥ፦ ብሬከሩን አጥፋ፣ ወደ ኮንታክተሩ ኮይል የሚሄደውን ሽቦ ከሪሌዩ ንቀልና ጫፉን በቴፕ ጠቅልለው። ማታ ሪሌዩ ብቻውን ይንቀሳቀስ። ቦርዱ ካልጠፋ መልሱን አገኘህ።

ኦም፦

የጅሬን ስሌት ልክ ነው። የሞተው ቦርድ ግን ሌላ ጉዳይ ይመስለኛል። ስፓይኩ በትራንስፎርመሩ በኩል ገብቶ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያ የሚሄደው 7805ቱ ነበር፣ ከዚያም ቦርዱ ላይ ያለው የ3.3 ሬጉሌተር። የአንተ 7805 አሁንም 5.02 ይሰጣል። 20 ሜትር ሽቦ ከውጭ መጥቶ ባዶ ፒን ላይ የሚገባ ከሆነ ግን መብረቅ ቅርብ ባይወድቅ እንኳ በሽቦው ላይ የሚፈጥረው ቮልቴጅ 3.3 ቮልት ለለመደ ፒን ከበቂ በላይ ነው።

የሞተውን ቦርድ ከሁሉ ነጥለህ ቴስተሩን ዳዮድ ላይ አድርግ። ቀዩን ግራውንድ ላይ፣ ጥቁሩን በየፒኑ ላይ። ጤነኛ ፒን 0.5 ወይም 0.6 አካባቢ ያሳያል። 34ን ከሌሎቹ ጋር አወዳድር።

ቆጪ፦

ሁለቱንም አደረግኩ። ኮይሉን ከነቀልኩት ወዲህ ማታም አይጠፋም። በሞተው ቦርድ ላይ 34 0.02 ያሳያል፣ ሌሎቹ ከ0.5 በላይ ናቸው።

ኦም፦

በቃ፣ የገባበት በር ታወቀ። አሁን የፍሎት መስመሩን እንዲህ ሥራው።

ሽቦውን ከፓምፑ ኬብል ፍታና ቢያንስ አንድ ክንድ አርቀህ ውሰደው፤ መገናኘት ግድ ከሆነ በመስቀል ይለፉ እንጂ ጎን ለጎን አይሂዱ። ሁለቱን የፍሎት ሽቦዎች እርስ በርስ ግመዳቸው። ፒኑ ላይ በቀጥታ አታስገባ፤ መሃል ላይ ፒሲ817 ኦፕቶካፕለር (ምልክቱን በብርሃን የሚያሻግር ክፍል) ይቀመጥ። ከ1000ው ካፓሲተር ፕላስ ተነስተህ በ2.2 ኪሎኦም ሬዚስተር፣ ከዚያ በፍሎት ስዊቹ፣ ከዚያ በፒሲ817 ፒን 1 ገብተህ በፒን 2 ወደ ግራውንድ ትወጣለህ። በ18.6 ቮልት 8 ሚሊአምፔር ያህል ያልፋል፤ ሬዚስተሩ ሩብ ዋት ይበቃዋል። በፒን 1 እና 2 መካከል 1ኤን4148 ገልብጠህ ጣል፤ ተቃራኒ ቮልቴጅ ሲመጣ የውስጡን ኤልኢዲ የሚያድነው እሱ ነው። በሌላው ወገን ፒን 3 ወደ ግራውንድ፣ ፒን 4 ወደ ጂፒአይኦ 34። 10 ኪሎኦሙን አታንሳው፤ ከ34 እስከ 39 ያሉት ፒኖች የውስጥ ፑልአፕ (ወደ 3.3 የሚስብ ሬዚስተር) የላቸውም፣ በፕሮግራም ብታዛቸውም አይሰሙህም።

ሽቦው ወደ ሳጥኑ በሚገባበት ቦታ ላይ፣ በሁለቱ መካከል ፒ6ኬኢ33ሲኤ ቲቪኤስ ዳዮድ እሠር። እስከ 28 ቮልት ድረስ ዝም ይላል፣ ከ33 አካባቢ ጀምሮ ይጨብጣል። ግራውንዱ የጋራ ስለሆነ ሙሉ መለያየት አይደለም። ሙሉውን ከፈለግህ ለፍሎት መስመሩ የራሱን 12 ቮልት አዳፕተር ስጠውና ግራውንዶቹን አታገናኝ፤ ለ12 ቮልት ሬዚስተሩ 1.5 ኪሎኦም ይሁን።

ሌላው፣ ፍሎቱ ሲዘጋ ፓምፑ የሚነሳ፣ ሲከፈት የሚቆም አድርገው። አይጥ ሽቦውን ብትቆርጠው ሮቶው ባዶ ይቀራል እንጂ ፓምፑ ሌሊቱን ሙሉ ውሃ አያፈስም።

ጅሬን፦

ለኮንታክተሩ ሁለት ነገር። መጀመሪያ በኮይሉ ሁለት ጫፎች ላይ 100 ኦም 2 ዋት ሬዚስተርና 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በተከታታይ እሠር። ካፓሲተሩ ኤክስ2 የሚል ምልክትና 275 ቮልት ኤሲ የተጻፈበት ይሁን፤ ተራው የ400 ቮልት ዲሲ ሾርት ሲሆን እሳት ያነሳል። ብዙ ሰው ይህን የሪሌዩ ነጥብ ላይ ያስረዋል። አንተ አታድርገው፤ ነጥቡ ክፍት ሆኖም በካፓሲተሩ በኩል 7 ሚሊአምፔር ያህል ስለሚያልፍ ትንሽ ኮንታክተር ሲያቃስት ያድራል፣ አንዳንዱም ጨርሶ አይለቅም። ዳዮድ ደግሞ ለዲሲ ኮይል እንጂ ለኤሲ አይሆንም፤ ወዲያው ይቃጠላል። የሪሌይ ሞጁሉ ላይ ዳዮዱ አብሮ ስለሚመጣ እሱን ተወው።

ሁለተኛው ዲጂታል የቮልቴጅ ፕሮቴክተር ነው። ዝቅተኛውን 180፣ ከፍተኛውን 250፣ መልሶ ማብሪያ መዘግየቱን 60 ሰከንድ አድርገው። መልሶ የሚያበራበትን ቮልት ለብቻ ማስተካከል የሚቻል ከሆነ 190 ስጠው። ፓምፑም ኮይሉም ከፕሮቴክተሩ በኋላ ይሁኑ። ትራንስፎርመርህ ከፊቱ ይቅር፤ ያለዚያ ፓምፑ በተቋረጠ ቁጥር ኢኤስፒውም አብሮ ይጠፋል። ማታ ውሃ አይሞላም ብለህ አታዝን፤ በ165 ቮልት የሞተር ጉልበት ወደ 56 በመቶ ይወርዳል። መነሳት ያቃተው ሞተር ደግሞ ቆሞ አምፔር እየጠጣ ጥቅሉን ያቃጥላል። ቀን ይሙላ።

ቢሺሼ፦

እሺ፣ የማታውን ተረታሁ። ለሙቀቱስ ኤልኤም2596 (ስዊቺንግ ሬጉሌተር) አይሻልም? ዜነሩን ግን አልለቅም።

መንቲና፦

2596ቱ ይሻላል። ለ5 ቮልት 0.15 አምፔር የሚያባክነው ሩብ ዋት አይሞላም፤ በሳጥን ውስጥ ያለ ሂትሲንክ ያድራል። ግን ሁለት ወጥመድ አለው። አንደኛ፣ ሞጁሉ ሲገዛ መውጫው የት ላይ እንደተተወ አይታወቅም። ምንም ሳታስርበት መግቢያውን ስጠው፣ ቴስተር መውጫው ላይ አድርገህ ብሎኗን እስከ 5.1 ድረስ አዙር፤ ብዙ ዙር ያላት ስለሆነች መጀመሪያ ምንም ካልተለወጠ አትደንግጥ። ከዚያ በጥፍር ቀለም አትማት። ሁለተኛ፣ የዚያች ብሎን ውስጣዊ ንክኪ ሲላቀቅ ቺፑ መውጫው ስንት እንደሆነ ማየት ያቅተውና መግቢያውን እንዳለ ወደ መውጫ ይለቀዋል። 18 ቮልት በ5 ቮልት መስመር ላይ! ቦርዱ ላይ ያለው ኤኤምኤስ1117 (የ3.3 ሬጉሌተሩ) የሚችለው ከፍተኛ መግቢያ 15 ነው።

ወንድማችን ቢሺሼ፣ ዜነሩ እዚህ ጋ ነው የማይበቃው። 1ኤን4733 የ1 ዋት ነው፤ 5.1 ቮልት ላይ 0.2 አምፔር ሲያልፍበት ወሰኑ ላይ ደረሰ። 2596 ደግሞ 3 አምፔር ይገፋል። ዜነሩ መጀመሪያ ሾርት ሆኖ ትንሽ ይታገላል፣ ከዚያ ሲፈነዳ መንገዱ ክፍት ነው። በምትኩ ቢቲ151 ታይሪስተር (በጌት እግሩ ሲታዘዝ የሚያስተላልፍ ስዊች) ይቀመጥ፦ አኖዱ 5 ቮልቱ ላይ፣ ካቶዱ ግራውንድ ላይ፤ ከ5 ቮልቱ ወደ ጌቱ 5.6 ቮልት ዜነር፣ የዜነሩ ካቶድ ወደ 5 ቮልቱ ዞሮ፤ ከጌቱ ወደ ግራውንድ 100 ኦምና 0.1 ማይክሮፋራድ ጎን ለጎን። መስመሩ 6.3 ቮልት ገደማ ሲደርስ ታይሪስተሩ ሾርት አድርጎ ቦርዱን ያድናል፤ የሚገባው አምፔር ከበዛም ፊውዙ ይቆረጣል። ፊውዙ 1 አምፔር ፈጣን ሆኖ በ1000ው ካፓሲተርና በሬጉሌተሩ መካከል ይሁን። ከካፓሲተሩ በፊት ካደረግከው በካፓሲተሩ ውስጥ የተጠራቀመው ሁሉ በታይሪስተሩ ላይ ይፈስሳል፣ የሚቆርጠውም የለም።

በ7805 መቀጠል ከፈለግህም ይቻላል። ትንሽ ሂትሲንክ፣ በዋት 20 ዲግሪ የሚባለው ይበቃል። መግቢያው ላይ 0.33፣ መውጫው ላይ 0.1 ማይክሮፋራድ ከእግሩ ሥር፤ ከመውጫ ወደ መግቢያ 1ኤን4007፣ መስመር ያለበት ጫፍ ወደ መግቢያው። መብራት ሲጠፋ መግቢያው ቀድሞ ከወረደ የመውጫው ካፓሲተር በቺፑ ውስጥ ወደ ኋላ እንዳይፈስ ነው።

በየትኛውም መንገድ 470 ማይክሮፋራድ 16 ቮልት ከኢኤስፒው አጠገብ ጣል፤ ዋይፋዩ ሲልክ ለቅጽበት ብዙ አምፔር ይጎትታል። 1000ውን ደግሞ 35 ቮልት በሆነ ቀይረው፤ መብራቱ 260 ቢደርስ 21 ቮልት ታገኛለህ፣ ለ25 ቮልት ካፓሲተር ጠባብ ነው።

ቆጪ፦

ስታቢላይዘሩ ይቅር ማለት ነው? በ220ው በኩልስ ምን ላስገባ?

ጅሬን፦

ለፓምፑ ማታ ማታ ውሃ ግድ ካልሆነብህ ይቅር። በሪሌይ የሚሠራው ስታቢላይዘር ቀስ ብሎ እርከን ይቀይራል እንጂ መብራት ሲመጣ የሚገባውን ቅጽበታዊ ስፓይክ አያቆምም።

በ220ው በኩል፦ ከትራንስፎርመሩ በፊት በፌዙ ላይ 250 ሚሊአምፔር ዘግይቶ የሚቆረጥ ፊውዝ፣ ከፊውዙ በኋላ በፌዝና በኒውትራል መካከል 14ዲ471 ቫሪስተር (ቮልቴጁ ሲያሻቅብ የሚያስተላልፍ ክፍል)። ቅደም ተከተሉን አትገልብጥ። ኒውትራል ተበጥሶ 400 ቮልት ገደማ ቢመጣ ቫሪስተሩ ይሞቅና ሾርት ይሆናል፤ ያኔ ፊውዙ ይቆረጣል። ፊውዝ ከፊቱ ከሌለ የሚነደው ሳጥኑ ነው። ከፌዝ ወደ ኤርዝ ሌላ ቫሪስተር የሚባለውን፣ የሶኬትህ ሦስተኛ ቀዳዳ በእርግጥ መሬት መድረሱን ካላረጋገጥህ አታድርግ።

ቆጪ፦

የኤክስ2 ካፓሲተሩና ቫሪስተሩ እዚህ ሱቅ ካጣሁትስ?

መንቲና፦

የተጣለ የዲሽ ሪሲቨር ፈልግ። የፓወር ቦርዱ መግቢያ ላይ፣ የ220 ሽቦው ከሚገባበት ፊውዝ ቀጥሎ ያለው አራት ማዕዘን ካፓሲተር ነው፤ ጀርባው ላይ ኤክስ2 እና 275 ይላል። ብዙ ጊዜ 0.1 ነው፣ 104 ተብሎ ይጻፋል። ሰማያዊ ወይም ጥቁር ክብ ካለ ቫሪስተሩ እሱ ነው፤ 471 የሚለውን ውሰድ፣ የተሰነጠቀ ወይም የጠቆረ ከሆነ ተወው። ከመንካትህ በፊት አጠገቡ ያለውን ትልቁን የ400 ቮልት ካፓሲተር ለካው፤ ተነቅሎ ከቆየ በኋላም 300 ቮልት ይዞ ሊጠብቅህ ይችላል። በ10 ኪሎኦም 5 ዋት ሬዚስተር ጥቂት ሰከንድ ያዘውና ዜሮ መድረሱን በቴስተር አይተህ ንቀል።