ብሉ ባጁ ወንበር ስር ወድቆ 100 ፓውንድ ጠየቁኝ፤ ልክፈል ወይስ ልከራከር?

ሰላም ወገኖች፣ ለንደን ያላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ።

ቅዳሜ እናቴን ይዤ አስቤዛ ልንገዛ ወጣን። ጉልበቷን ስለሚያማት በምርኩዝ ነው የምትሄደው፣ ብሉ ባጅም (የአካል ጉዳተኞች የመኪና ማቆሚያ ፈቃድ ካርድ) አላት። የአካል ጉዳተኞች ቦታ ላይ አቁሜ ባጁን ከመስታወቱ ስር አስቀመጥኩት። እሷን ደግፌ ካወረድኩ በኋላ በሩን ገፋ አድርጌ ስዘጋው፣ ለካ ባጁ ተንሸራቶ ወንበር ስር ገብቷል። ስንመለስ መስታወቱ ላይ ቢጫ ፖስታ ተለጥፏል፤ 100 ፓውንድ፣ በ14 ቀን ውስጥ ከከፈልኩ 60።

ወረቀቱ ቁርጥ የካውንስል (የአካባቢው አስተዳደር) ቅጣት ይመስላል፤ ሳነበው ግን የግል ድርጅት ነው። የሥራ ባልደረባዬ «እሱ መቀጮ ሳይሆን የውል ክፍያ ነው፣ ዝም በለው» አለኝ። እኔ ግን ዝም ማለቱ አላማረኝም፤ ፍርድ ቤት ሊከሱ እንደሚችሉ አውቃለሁ። ብሉ ባጅ በግል መሬት ላይ እንደ ሕዝብ መንገዱ በሕግ አያስገድድም ይባላል፤ የ2010ሩ የእኩልነት ሕግ ግን ለአካል ጉዳተኛ ተገቢው ማመቻቸት እንዲደረግ ያዛል።

የባጁን ፎቶና የገዛንበትን ደረሰኝ ይዣለሁ። መጀመሪያ ለድርጅቱ ልጻፍ፣ እምቢ ካሉ ወደ ፖፕላ (የግል ፓርኪንግ ክፍያ ይግባኝ የሚያይ ገለልተኛ አካል) ልሂድ ብዬ ነበር። ይግባኝ ብዬ ብሸነፍ የ60ው ቅናሽ ይቀርብኛል? ሹፌሩ እኔ እንደነበርኩ ልጻፍ ወይስ ልተወው?

እናቴ «በኔ ጦስ ዕዳ ገባህ» እያለች ከጡረታዋ ልትከፍል ተነስታለች። ስምንት ቀን ቀርቶኛል።