ግሎባላይዜሽን አባቴንና እህቴን ለምን ለየብቻ አያቸው?

የሸዋበሯ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከደሴ ነው። ስለ ግሎባላይዜሽን፣ ማለትም አገሮች በንግድና በገንዘብ ስለመተሳሰራቸው፣ ልጠይቃችሁ ነው፤ ጥያቄዬ ከቤቴ ስለሚነሳ ትንሽ ታገሱኝ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። ሸዋ በር አካባቢ በረንዳ ላይ ሲንጀሩን ዘርግቶ ነው ያሳደገን። ልጅ ሆኜ የዒድና የገና ሰሞን ቤታችን በጨርቅ ይሞላ ነበር። ሰው ጨርቁን ገዝቶ ይመጣል፤ አባቴ ይለካል፣ ይቆርጣል፣ ይሰፋል። ከዚያ ሰልባጁና የቻይናው ልብስ ገበያውን ያዘው። ዛሬ የሚመጣለት አብዛኛው ሥራ ማሳጠርና ማጥበብ ነው። ድሮ ሙሉ ልብስ ያሰፋ የነበረ ደንበኛው ባለፈው የሰልባጅ ሱሪ ይዞ መጣ። አባቴ ጫፉን ፈታ፣ ስፌቱን በጣቱ ዳበሰና «ይሄን የሰፋው እጅ ጎበዝ ነው» አለ። ከዚያ አሳጠረለት።

እህቴ ደግሞ በ2011 ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ገባች። ልብሱ ወደ አሜሪካ ይላካል። የእሷ ድርሻ እጅጌ ነበር። ከጠዋት እስከ ማታ እጅጌ ብቻ። በመጀመሪያ ደመወዟ ለእናቴ ነጠላ ገዛች፤ እናቴ ያን ቀን አለቀሰች። በ2014 ጦርነቱ ሲመጣ ሥራው ቆመ። ቀጥሎ አጎዋ የሚባለው፣ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ የመላክ ዕድል፣ ለኢትዮጵያ ተቋረጠ። እሷም ተመልሳ አልተጠራችም።

ታዲያ የአባቴን ሥራ የወሰደውና ለእህቴ ሥራ ሰጥቶ የነጠቃት አንድ ነገር ነው? ሰው በዚህ ጉዳይ የማይስማማው ለምንድን ነው? ግሎባላይዜሽን ድሃና ሀብታምን ያቀራርባል ወይስ ያራርቃል?

መምህሩ ከኮምቦልቻ፦
አብሽሪ እህቴ። ኢኮኖሚክስ አስተምራለሁ፤ ጥያቄሽ ግን ከመማሪያ መጽሐፉ ይበልጣል።

ሁለቱንም ያደርጋል። ለዚህም ነው ክርክሩ የማያልቀው። አገርን ከአገር ካወዳደርሽ ልዩነቱ ጠቧል፤ በተለይ ቻይናና ህንድ ስላደጉ። በየአገሩ ውስጥ ካየሽ ግን በብዙ ቦታ ሰፍቷል። ብራንኮ ሚላኖቪች የሚባል ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 2008 ያለውን የዓለም ሕዝብ ገቢ በአንድ ሥዕል አስቀምጦታል። የዝሆን ቅርጽ አለው። እስያ ውስጥ ያለው መካከለኛ ሰው ብዙ አተረፈ። የዓለም ቁንጮ ሀብታሞችም አተረፉ። የአሜሪካና የአውሮፓ ሠራተኛ ግን ገቢው ባለበት ቆመ። እዚያም ፋብሪካው የተዘጋበት እንደ አባትሽ ያለ ሰው አለ ማለት ነው።

አጎዋ በ1992 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ነው። ብዙ የአፍሪካ ዕቃ ያለ ቀረጥ እንዲገባ ፈቀደ። ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮ ታገደች። ውሳኔው የዋሽንግተን ነው፤ ሥራ ያጣችው ግን እህትሽ ናት። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ገንዘቡ ሲከፋው ሌላ አገር ይሄዳል። እህትሽ የት ትሂድ?

የቀድሞ ሱፐርቫይዘር፦
እኔም ፋብሪካ ውስጥ የስፌት መስመር ላይ ሠርቻለሁ፣ ስለ ደመወዙ ልናገር። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ጥናት የኢትዮጵያ ልብስ ሰፊ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነው ይላል። ባንግላዴሽ 95፣ ቻይና 326። በግል ድርጅት ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የሚባል የለንም። ባለሀብት የተጠራውም «ርካሽ ጉልበት አለን» ተብሎ ነው።

ልጆቹ ከየገጠሩ መጥተው አራት አምስት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ። የቤት ኪራይና ሽሮ ተከፍሎ ምን ይተርፋል? ሲለቁ «የሥራ ባህል የላቸውም» ይባላሉ። ይሄን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ 100ን አለፈ። በዶላር ለሚሸጠው ጥሩ ነው። በብር ለምትከፈለው ግን ዘይቱም ሳሙናውም ወጣባት።

ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ፦
ልጄ፣ እኔ በዚህ አልስማማም። ወሎ ያለ ንግድ መቼ ኖሮ ያውቃል? ባቲ ገበያ አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው የሚገናኙበት ነው። በሩን ዝጉ የሚሉ ሰዎች ደርግን የረሱ ናቸው። ጨርቅ በወረፋ ነበር። ዛሬ የድሃ ልጅ ጫማ ያደርጋል፣ ርካሽ ስለገባ ነው። አባትሽን ግን አውቀዋለሁ ልበል? ሸዋ በር ካሉት ሰፊዎች የማላውቀው የለም። ለእንደ እሱ ያለ ሰው አዲስ ማሽን በብድር የሚሰጥ አካል ቢኖር ኖሮ እዚህ ባልደረሰ። ጥፋቱ የንግዱ አይደለም፤ ሲጎዳ ዞር ብሎ ያየው አለመኖሩ ነው።

የሸዋበሯ፦
ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የእርስዎን ለአባቴ አነበብኩለት። ስለ ወረፋው «እውነቱን ነው» አለ። ስለ ብድሩ ዝም አለ፤ ሁለት ጊዜ ጠይቆ መያዣ አምጣ ተብሎ የተመለሰ ሰው ነው።

የመምህሩን ደግሞ እህቴ ራሷ ወስዳ አነበበችው። የአጎዋው ውሳኔ ሲነገር እሷ እኮ እኛ ጋ ተሸሽጋ ነበር፤ ደሴ መብራትም ኔትወርክም አልነበራትም። ከሥራ መውጣቷን እንኳ በወሩ ነው የሰማችው።

አሁን ከአባቴ ጎን ተቀምጣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ትሰፋለች። እጅጌ ላይ አባቴን ትቀድመዋለች። ኮሌታውን ገና እያስተማራት ነው።