የገለባ ኤታኖል ስሌቴ የት ጋ ተበላሸ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከገለባ ኤታኖል (ለነዳጅ የሚሆን አልኮል) ማምረት ያዋጣ እንደሆነ የአዋጭነት ጥናት እየሠራሁ ነው። ገለባው ተረፈ ምርት ስለሆነ ዋጋውን ዜሮ ብዬ ያዝኩ፤ ከአንድ ቶን ደግሞ 400 ሊትር ይወጣል አልኩ። ትርፉ ለማመን እስኪያስቸግር በዛ። አማካሪዬ «እንደገና ሥሪው» ብሎ መለሰልኝ። ስህተቴን አሳዩኝ እባካችሁ።

መላሽ 1፦ እህቴ፣ ከሊትሩ እንጀምር። ከደረቁ ገለባ 40 በመቶው ሴሉሎስ (የተክሉ ዋና የግድግዳ ቁስ) ቢሆን ከቶኑ 400 ኪሎ ነው። ውኃ ገብቶበት ወደ ግሉኮስ፣ ማለትም ወደ ስኳር፣ ሲፈርስ 444 ኪሎ ይሆናል። እርሾ ከግሉኮሱ ክብደት ቢበዛ 51 በመቶውን ነው ኤታኖል የሚያደርገው፤ የቀረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል። ምንም ሳይባክን 288 ሊትር ገደማ ማለት ነው። ሴሉሎሱን ወደ ስኳር የሚያፈርሰው ኢንዛይም 80፣ እርሾው 90 በመቶ ቢሳካላቸው 207 ሊትር ላይ ትወርጃለሽ። ከሴሉሎሱ ጋር ገለባው ውስጥ ያለው ሄሚሴሉሎስ የሚባለው ቁስ ሊጨምርልሽ ይችላል፤ ግን ከሱ የሚገኘውን ዛይሎስ የሚባል ስኳር ተራ የዳቦ እርሾ አይበላውም። ደግሞም የአንድ ሊትር ኤታኖል ኃይል የቤንዚን ሁለት ሦስተኛ ነው። ዋጋቸውን ሊትር በሊትር አነጻጽረሽ ከሆነ አስተካክዪ።

መላሽ 2፦ እኔን ያስጨነቀኝ «ዜሮ»ው ነው። ገለባ ነፃ የሚሆነው ማሳ ላይ ተኝቶ እያለ ነው። መሰብሰብ፣ ማሰር፣ ማጓጓዝ፣ ከዝናብ መከለል ሁሉም ገንዘብ ነው። ያልታሰረ ገለባ ሳስጭን ያየሁትን ልንገርሽ፤ መኪናው እስከ አፉ ሞልቶ ሚዛን ላይ ሲወጣ ከሚችለው ግማሹን እንኳ አልያዘም። አፈር ይዞ ከመጣ ደግሞ አሸዋው የመፍጫውን ስለት ይጨርሰዋል።

መላሽ 3፦ ፋብሪካውን በማግዘፍ ወጪ እቀንሳለሁ እንዳትዪ ብዬ ነው። አቅሙ እጥፍ ሲሆን የግንባታው ወጪ 1.5 ጊዜ ገደማ ብቻ ያድጋል፤ እሱ ጥሩ ነው። ነገር ግን ገለባ የምትሰበስቢበት መሬትም እጥፍ ይሆናል፣ የጉዞው ርቀት በ40 በመቶ ገደማ ይረዝማል። ዱፖንት የተባለው ኩባንያ በአሜሪካ አዮዋ ከበቆሎ አገዳ ኤታኖል የሚያወጣ ግዙፍ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2015 ከፍቶ በ2017 ከሥራው ወጥቷል።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ሊትር በሊትር ነበር ያነጻጸርኩት። ገለባውን ትቼ ከተጨመቀ ሸንኮራ አገዳ በሚቀረው ባጋስ ብሠራስ?

መላሽ 2፦ በጣም ይሻላል። አገዳው ለስኳሩ ሲባል ፋብሪካው ደጅ ደርሷል፤ ማጓጓዣው ተከፍሏል። ግን እዚያም ዜሮ አትጻፊ፤ ስኳር ፋብሪካው ባጋሱን እንፋሎት ለማፍላት ያነደዋል። ብትወስጂበት በምን እንደሚተካው ጠይቂና ያንን ወጪ በጥሬ ዕቃው መስመር አስገቢ።