ለትምህርት ቤታችን ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት የኃይል አቅርቦት፦ የጋራ ሐሳብ ማርቀቂያ

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ራስፕቤሪ ፓይ 4 (ፓዩ) የተባለው ትንሽ ኮምፒውተር እንዲሆን ተስማምተናል። ኢንተርኔት ሳይኖር ዊኪፔዲያንና የመማሪያ መጻሕፍትን በራሱ ዋይፋይ ለተማሪዎቹ ያደርሳል። የቀረን ከፀሐይ ፓኔልና ከባትሪ የሚያገኘው ኃይል ነው። ቀበሌው መብራት ስላልገባለት ዕቅዱ የሚቆመውም የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። ሐሳብ ስጡ።

አባል 1፦ ኢንቨርተር እንግዛ። ከባትሪው 220 ቮልት አውጥተን በራሱ ቻርጀር እንሰካው፤ አለቀ።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛው አባል፦ ወንድሜ፣ ይሠራል፤ ግን የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 አውጥቶ መልሶ ወደ 5 ማውረድ ሁለቴ መክሰር ነው። ኢንቨርተሩ ምንም ሳይሰካበትም ባትሪ ይበላል። በቀጥታ ከ12 ወደ 5 እናውርድ።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። «12 ቮልት» የምንለው ባትሪ 12 ላይ አይቆምም። ቻርጅ ሲደረግ 14.4 ገደማ ይደርሳል፤ ሲደክም ከ12 በታች ይወርዳል። ፓዩ የሚፈልገው ግን 5.1 ቮልት ነው። ወደ 4.63 ሲወርድ የመብረቅ ምልክት ያሳያል። ከዚያም ከባሰ ይጠፋል። እየጻፈ ሳለ ከጠፋ ሚሞሪ ካርዱ ሊበላሽ ይችላል።

አባል 2፦ 7805 የሚባለው ቮልት ማውረጃ ርካሽ ነው፣ የትም ይገኛል። አይበቃም?

ኤሌክትሪክ ሠራተኛው አባል፦ አይበቃም። ትርፉን ቮልት በሙቀት ነው የሚያባክነው። 1 አምፒር ሲያልፍ ለፓዩ 5 ዋት ደርሶ 7 ዋት በሙቀት ይጠፋል። ቮልቱን ብዙ ሙቀት ሳያባክን የሚያወርድ ባክ ኮንቨርተር ይሁን፤ 5 አምፒር የሚችል ቢሆን ሳይጨናነቅ ይሠራል። ቮልቱ በብሎን የሚስተካከል ከሆነ፣ ፓዩ ከመሰካቱ በፊት በመልቲሜትር (በቮልት መለኪያ) እየታየ 5.1 ላይ ይደረግ። ይህ ሳይረጋገጥ ማንም እንዳይሰካ በዕቅዱ ይጻፍልኝ።

ኮንቨርተሩ ፓዩ አጠገብ ይቀመጥ። ቀጭን የዩኤስቢ ገመድ 0.2 ኦም ካለው፣ በ2 አምፒር 0.4 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። 5.1 የነበረው 4.7 ሆኖ ይደርሳል ማለት ነው። ረጅሙ ገመድ በ12 ቮልቱ በኩል ይሁን።

መምህሯ አባል፦ በቀን 8 ሰዓት ብንጠቀምስ? ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ዝግ ነው። ሰኔ ግን ፈተና አለ፣ ሰማዩም ደመና ነው። ልጆቹ በጣም የሚፈልጉት ያኔ ነው።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛው አባል፦ እትዬ፣ ጥሩ አነሱት። ፓዩ የሚበላው 6 ዋት በ8 ሰዓት 48 ዋት ሰዓት ነው፤ ብክነቱን ጨምረን 60 እንበል። 12 ቮልት 20 አምፒር ሰዓት ባትሪ 240 ይይዛል። የሊድ አሲድ ባትሪ ከግማሽ በላይ ባይራገፍ ይመረጣልና 120 ቀረን። ያለ ፀሐይ ሁለት ቀን ያደርሰናል። ለሰኔ 40 አምፒር ሰዓት ብንይዝ ደስ ይለኛል። የመኪና ባትሪ ግን አይሁን፤ በየቀኑ መራገፍ ቶሎ ይገድለዋል።

ገንዘብ ያዥ፦ የ40ውን ዋጋ አጣርቼ አመጣለሁ። ከበጀቱ ካለፈ ከፓኔሉ ሳይሆን ከጠረጴዛው ወጪ እንቀንስ።

ጸሐፊ፦ እንግዲህ ረቂቁ ይህ ነው፦ «50 ዋት ፓኔል፣ ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን የሚቆጣጠር ቻርጅ ኮንትሮለር፣ 40 አምፒር ሰዓት የሶላር ባትሪ፣ ባትሪው ሥር ፊውዝ፣ ባትሪው ሲደክም የሚቆርጥ መከላከያ፣ ፓዩ አጠገብ 5 አምፒር ባክ ኮንቨርተር።» የሚታረም ካለ እስከ ዓርብ ጻፉልኝ።

መምህሯ አባል፦ መከላከያው ከመቁረጡ በፊት ፓዩ በሥርዓት እንዲዘጋ የሚያደርግ ማስጠንቀቂያ ጨምሩበት። ካርዱ ከተበላሸ እዚያ የሚጠግነው ሰው የለም።